ትራማዶልና ዲያዜፓም አብሮ የለመደ ሰው እንዴት ይላቀቅ? (ኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የማማክራችሁ ስለ አጎቴ ነው። 52 ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው ኮምቦልቻ። በባጃጅ አደጋ ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ገባለት፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የ10 ቀን ትራማዶል 50 ሚሊግራም ታዘዘለት። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ዛሬ በቀን 8 ፍሬ ይወስዳል፣ እግሩ የጠዘጠዘው ቀን 10 ይደርሳል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው ዲያዜፓም 5 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ ይጨምርበታል፤ እሱም ከግማሽ ዓመት አልፎታል። ከሰዓት በኋላ ጫት አለ።

ባለፈው ትራማዶሉ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቶ ሁለት ቀን ሲያልፈው ላብ አጠመቀው፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ሰውነቱን ውርር አደረገው፣ ተቅማጥ ያዘው፣ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሲፕሮ (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ተሰጠው። ትራማዶሉ ተገኝቶ ሲውጥ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ደህና ሆነ።

ቤተሰቡ «አንድ ሳምንት ቤት ቆልፈንበት ይላቀቅ» እያለ ነው። በአንዴ ማቋረጥ ይሆናል? ከሁለቱ የቱ ይቅደም? የእግሩስ ሕመም በምን ይያዝ?

ሰኞ ገበያ (ፋርማሲስት፣ ደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ መውጫ አለው። መቆለፉን ግን ዛሬውኑ ተዉት። ትራማዶል በአንዴ ሲቋረጥ ያየሽውን ስቃይ ያመጣል፤ ዲያዜፓም በአንዴ ሲቋረጥ ግን አንዘፍዝፎ ሊገድል ይችላል። የሁለቱ ሰዓት ደግሞ አይገጥምም። ትራማዶል ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ሀራራው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ በሳምንት በ10 ቀን ይበርዳል። ዲያዜፓም ጉበት ውስጥ ተለውጦም ቢሆን ለቀናት መሥራቱን አይተውም። ስለዚህ የእሱ ጣጣ ከበርካታ ቀናት በኋላ፣ ሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገለ» ባለ ጊዜ ነው የሚመጣው።

8 ፍሬ ማለት 400 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ የቀን ጣሪያው ይኸው ነው። 10 በሚወስድበት ቀን ጣሪያውን አልፏል፣ ከዚያ ወዲያ ትራማዶል በራሱ ሰውን ያንዘፈዝፋል። ሲፕሮም ይህንኑ አደጋ የሚጨምር መድኃኒት ስለሆነ ሁለቱ ባይገናኙ ይሻላል። ታይፎይድ ትራማዶል ስለተዋጠ በሁለት ሰዓት አይለቅም፤ ያ ሕመም ሀራራው ነበር።

ከሁለቱ ትራማዶል ይቅደም። ዲያዜፓሙ ማታ 10 ሚሊግራም ላይ ይቁም፣ አይጨመርም አይቀነስም። ሁለቱን አብሮ የነካ ሰው የትኛው እንዳመመው ስለማያውቅ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ወደ ነበሩበት ይመልሳል።

ቅነሳው እንዲህ ቢሄድ ይሻላል። ይህን ግን ለሐኪሙ ይዘሽ የምትቀርቢበት መነሻ አድርጊው እንጂ ብቻችሁን አትጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አትቀንሱ። ሥራው ሰዓት ማስያዝ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ሁለት፣ ቀን 7 ሰዓት ሁለት፣ ማታ 1 ሰዓት ሁለት፣ ማታ 5 ሰዓት ሁለት። «ሲያመኝ» ብሎ መዋጥ ከዚህ በኋላ የለም። ብዙ ሰው ይህን እርከን ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ፤ 10 የነበረው ቀን 8 ላይ ካልረጋ ቀጣዩ ቅነሳ ከስንት እንደተነሳ አይታወቅም።

ከዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ ይወጣል፣ 7 ላይ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቀጥሎ 6፣ 5፣ 4፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሳምንት። የማታ 5 ሰዓቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው፣ እንቅልፉን የያዘው እሱ ነውና። 4 ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ከ8 አንድ ማውጣት ስምንተኛውን መቀነስ ነው፤ ከ4 አንድ ማውጣት ግን ሩቡን መንጠቅ ነው። ስለዚህ ከ4 በታች በእያንዳንዱ እርከን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ። ሲደመር አምስት ወር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚወድቀው «እስከዚህ ከመጣሁማ» ብሎ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍሬዎች ባንድ ቀን ሲጥል ነው።

እርከኑ ከከበደው ባለበት ይቁም እንጂ ወደ ላይ አይመለስ። ባለ 100ውን፣ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ዓይነት ካገኘ ደግሞ አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ ለ12 ሰዓት የተሰናዳው ባንዴ ይለቀቃል።

ጦሳ (የአእምሮ ሕክምና ነርስ)

ሰኞ ገበያ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ቅደም ተከተሉን አልጋ በአልጋ አድርጎታል። «ትራማዶል ይቅደም» የሚለው የሚሠራው ሰውየው ቀን ቀን የማይደነዝዝ ከሆነ ነው። ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሌሊት ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል፣ ወይም አረቄ የሚጨምርበት ከሆነ ሁለቱ መድኃኒቶች ትንፋሹን እየተጫኑት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ውስጥ መቀነስ አይቻልም፣ ተኝቶ ይታይ። ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎት የሚያውቅ ከሆነም እንደዚሁ።

ሌላው ጫቱ ነው። ከ8 እስከ 11 ሰዓት የቃመ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ባይመጣለት ምን ይገርማል? ምርቃናውን የሚያፈርስለት ዲያዜፓም ነው፤ በማግሥቱ ድብታውን የሚያነሳለት ደግሞ ጫቱ። ይህ ቀለበት ሳይነካ ዲያዜፓም መቀነስ ትርፉ ድካም ነው። ጫቱን በአንዴ አስተዉት አልልም፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ጦርነት አይከፈትም። ግን ወደ ቀትር ይሳብ፣ 9 ሰዓት ላይ ይብቃ፣ መጠኑም ይቀነስ። ከ10 ሰዓት በኋላ ቡናም አይጠጣ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋት ይጠጡ። ጨብሲ ግን ድርድር የለውም፦ ዲያዜፓም፣ ትራማዶልና አረቄ አንድ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ሰውየው ተኝቶ ላይነሳ ይችላል።

መድኃኒቱን እሱ አይያዘው። አንድ ሰው ይያዘው፤ አብሮት የማይቅም፣ ሲቆጣ የማይደነግጥ። የሳምንቱ ተቆጥሮ በየቀኑ ዕቃ ይከፈል፣ የዕለቱ ብቻ ይሰጠው። ባዶ ስትሪፑ አይጣል፣ ይቀመጥ። ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ፍሬውን፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር፣ የተኛበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ከሚለው መልስ ይልቅ ደብተሩ ይናገራል።

ሀራራው ሲመጣ ከሐኪም ጋር የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ። ለሆድ ቁርጠት ቡስኮፓን። ለላቡና ለውርርታው ሐኪሙ ክሎኒዲን ሊያዝ ይችላል፣ ደም ግፊት ስለሚያወርድ ግን ሳይለኩ አይሰጥም። ለእግር አለማረፍ ለብ ባለ ውኃ መታጠብና ማታ ማታ ማሸት ያግዛል። «እንቅልፍ ይስጠው» ብሎ ሌላ ክኒን መደረብ ግን የለም።

ቢያንዘፈዝፈው በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት አይሸተትም፣ ማንኪያ በጥርሱ መሐል አይገባም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቀጥታ ሆስፒታል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቀስቅሳችሁት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ከሆነም አትጠብቁ።

አዝዋ ገደል

እኔ የማውቀው ቀን እያሳለፉ መውሰድን ነው። ዛሬ ወስዶ ነገ ቢዘለው በሁለት ወር ያልቅለታል። ይህን ሁሉ ቆጠራ ምን አመጣው?

ሰኞ ገበያ

ወንድሜ፣ ቀን መዝለል ለትራማዶል አይሆንም። የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ዛሬ ወስዶ ነገ የዘለለ ሰው በየሁለት ቀኑ ሙሉ ሀራራ ይቀምሳል፣ ማግሥቱን ሲውጥ ደግሞ «ያዳነኝ ይሄ ነው» የሚለው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይበልጥ ይተከላል። በየቀኑ እኩል እየወሰደ መጠኑን ማሳነስ ነው ያለው።

ዲያዜፓሙ ተራው ሲደርስ ግን ረጅም ዕድሜው ይረዳናል። 10 ሚሊግራም ማለት ባለ 5 ሁለት ፍሬ ነው። ፍሬው መሐሉ ላይ ስንጥቅ ካለው በአዲስ ምላጭ ለሁለት፣ ግማሹ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ሩቡ 1.25 ሚሊግራም ነው። ከ10 ወደ 8.75፣ ወደ 7.5፣ ወደ 6.25፣ ወደ 5፣ በእያንዳንዱ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። ከ5 በታች ባለ 2 ሚሊግራም ከተገኘ በግማሽ በግማሹ፣ ማለትም በ1 ሚሊግራም መውረድ ይሻላል። ካልተገኘ በሩቡ ይቀጥላል፣ ግን እያንዳንዱ እርከን አራት ሳምንት ይቆይ። በጥርስ አይገመስ፤ አንዱ ቀን ሦስት ሚሊግራም፣ ሌላው ቀን ሁለት ሆኖ ስሌቱ ይበላሻል።

የቦርከና ልጅ

ጀዛኩሙላህ ኸይር። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቤተሰቡ ከቆለፋው ወጥቶ አሁን «ሐድራ ይቀመጥ፣ እዚያው ይተወዋል» ማለት ጀምሯል። ደግሞም ቅነሳው መሐል ላይ ረመዳን ይገባል፤ አጎቴ ጾም አይፈታም።

ጦሳ

ሐድራው ይሂድ፣ ዱዓው ይደረግለት፤ ብቻውን ከሚሆን ሰው መሐል ቢውል እኔም እመርጣለሁ። ክኒኑ ግን ከያዥው ጋር አብሮ ይሂድ። ጸበል የሚገቡ ክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድም ያው ችግር አለ፦ መድኃኒት ጥሎ መግባት። ዲያዜፓም ወይም ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) የቆየበት ሰው ጥሎ ሲገባ በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ያንዘፈዝፈዋል፣ ሰዉም «ያዘው» ይላል። ሼኹንም ሆነ ቄሱን አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው፤ «መድኃኒትህን ውሰድ» የምትለዋ ቃል ከእነሱ አፍ ስትወጣ ከእኛ ይልቅ ትሰማለች።

ረመዳኑን በተመለከተ፣ ሕመምተኛ ፍቃድ እንዳለው ኢማሙ ይንገሩት። አልፈታም ካለ ግን በወሩ ውስጥ አዲስ እርከን አትጀምሩ፣ በደረሰበት ይክረም። አራት ፍሬ ላይ፣ ማለትም 200 ሚሊግራም ላይ ደርሶ ከሆነ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወደሚለቀው ባለ 100 ሊያዞርለት ይችላል፤ አንዱን ሱሑር፣ አንዱን ኢፍጣር ላይ። ባለ 50ው ቀኑን ሙሉ ስለማይዘልቅ ኢፍጣር ሳይደርስ ሀራራው ይነሳበታል፣ ከዚያ ኢፍጣር ላይ አራቱን ባንዴ ይውጣል። የፈራሁት ይህንን ነው። ዲያዜፓሙ የሌሊት ስለሆነ አይቸግርም።

ሎጎ ሐይቅ (ጠቅላላ ሐኪም)

ሁላችሁም ስለ ክኒኑ ተናገራችሁ፣ እግሩን ያየው የለም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በቀን 400 ሚሊግራም የሚጠይቅ የተሰበረ እግር ራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። አጥንቱ ገጥሟል? ብሎን ላልቷል? ብረቱ ዙሪያ ኢንፌክሽን አለ? ከ9 ወር በኋላ ያልገጠመ አጥንት በትዕግሥት አይገጥምም። ቅነሳው ሳይጀመር ራጅ ይነሳ፤ ቁስሉ ቀልቶ፣ ሞቆ ወይም መግል አውጥቶ ከሆነ ያ ይቅደም። አጥንቱ ካልገጠመ ስለ ትራማዶሉ የተባለው ሁሉ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆያል።

አጥንቱ ደህና ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከሁለት ቦታ ይመጣል። የዚህ ዓይነት ማስታገሻ ሲቆይ ራሱ ነርቭን ይበልጥ ስሜታዊ እያደረገ ሕመምን ያባብሳል። ከዚያም መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል የሚመጣው ሀራራ በቀድሞው ስብራት ቦታ ይሰማል። ሰውየው አይዋሽም፣ እውነት ያመዋል። በቅነሳው መጀመሪያ ሕመሙ ከ5 ወደ 7 ቢወጣ ቤተሰብ አይደንግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ማስታገሻው ፓራሲታሞል 500 ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ። በየትኛውም መንገድ ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የደም ግፊት ችግር ከሌለው ኢቡፕሮፌን 400 ከምግብ በኋላ ሊታከል ይችላል፤ ዲክሎፍናክ መርፌ ከተወጋ ግን ኢቡፕሮፌን አይደርብ፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጣት ጣቱን የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ካለው የነርቭ ነው፤ ለዚያ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም እጅ ብቻ ይጀመር። ከዚህ ሁሉ ጋር ፊዚዮቴራፒ። ደካማ ጡንቻ የተሸከመው እግር በክኒን አይቆምም።

መርሳ 04 (መድኃኒት መደብር)

ከቆጣሪው በዚህ በኩል ያለን ሰዎችም ድርሻ አለን። የዚህ ሰውዬ ችግር 11ኛው ቀን ላይ መቆም ነበረበት፣ የሸጠለት ሰው ነበረና አልቆመም። ትራማዶልም ዲያዜፓምም ያለ ማዘዣ አይሸጡም። አሮጌ ማዘዣ እያገላበጡ ሦስት ቤት መዞር የተለመደ ነው፤ መፍትሔው በአንድ መድኃኒት ቤት ብቻ መገልገልና የሳምንቱን ብቻ መውሰድ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቤት ካለ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

ገና መድኃኒቱ ሲታዘዝላችሁ ደግሞ ስሙን አንብቡና «ይህ የሚለመድ ነው? መቼ ነው የማቆመው?» በሉ። እኛ ከረጢቱ ላይ «በቀን 3 ጊዜ» ብለን እንጽፋለን፣ የማቆሚያውን ቀን ግን አንጽፍም። አጻፉን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለአብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል፤ ለእንቅልፍ የተሰጠ ዲያዜፓም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካለፈ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሱ። ፓራሲታሞል ያስታገሰው ቀን ትራማዶሉ ይቅር። የተረፈውን «ለክፉ ቀን» ብሎ ማስቀመጥ ለጎረቤት ማካፈል ይሆናል፤ ለመድኃኒት ቤት መልሱት።

አንድ ነገር ደግሞ። ትራማዶልና ኮዴይን ጉበት ውስጥ ተለውጠው ነው የሚበረቱት። የሚለውጣቸውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ ድርብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ነበሩ። ለአንዱ ምንም ያላለው ፍሬ ሌላውን የሚያዞረው በዚህም ነው። ስለዚህ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብላችሁ አትዋዋሱ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም ሆነ ትራማዶል አይሰጥ፤ የምታጠባ እናትም ሁለቱንም አትውሰድ።

የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ራጁን እዚሁ ኮምቦልቻ እናስነሳዋለን። ለቅነሳው ደሴ የት እንሂድ? ምንስ ይዘን እንምጣ?

ጦሳ

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አለ። «አእምሮ» የሚለውን ሲሰማ አልሄድም ካለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ጀምሩ፣ እዚያው ያገናኙታል። ራጁንና የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት፣ የመጀመሪያውን ማዘዣ፣ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ስትሪፖች በሙሉ ያዙ። ሌላ የሚወስደውንም፣ የግፊት ይሁን የስኳር፣ የጨጓራ ሽሮፕም ቢሆን አምጡት። የሚወስደውን አሳንሶ እንዳይናገር መንገድ ላይ ንገሩት፤ 10 የሚወስድ ሰው 4 ካለ ሐኪሙ ከ4 ያስጀምረዋል፣ ያ ማለት ባንድ ቀን ከግማሽ በላይ ተቆረጠበት ማለት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት መድኃኒቱን እንደወትሮው ወስዶ ይምጣ። ለወረፋው ደግሞ የቀን 7 ሰዓቱን ፍሬ ያዥው በኪሱ ይያዝ።